የእትዬ ብዙነሽ የጾም ጣፋጭ

በእኛ ጊዜ፣ እዚህ ሚኒሶታ፣ ጾም የሚጾመው በአፍ አልነበረም፣ በመነጽር ነበር። ምን ትስቂያለሽ? እውነቴን ነው። እናንተ አሁን ስልካችሁን አውጥታችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ ይሄ የጾም ነው፣ ይሄ አይደለም ይላችኋል፣ አበቃ። ያኔ ግን ሁዳዴ ሲገባ ሰው ግሮሰሪ ይሄድና ዳቦውን አንሥቶ ይገለብጠዋል፣ ከጀርባው ያለችውን የጉንዳን እግር የምታህል ጽሑፍ ዓይኑን አጨንቁሮ ያነባል፣ ወተት አለው ወይ፣ ቅቤ አለው ወይ፣ እንቁላል አለው ወይ እያለ። ፈረንጁ ከኋላ ቆሞ ጋሪውን እየገፋ ኤክስኪዩዝ ሚ ይላል፣ ማን ሰምቶት። ታዲያ ሁላችንም እናነብ ነበር፣ እንደ እትዬ ብዙነሽ ያነበበ ግን የለም።

እትዬ ብዙነሽን አታውቋቸውም፣ አሁን ልጃቸው ጋ ቴክሳስ ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነበር የምንኖረው፣ እኔና የኔ ሰውዬ ታች፣ እሳቸው ከኛ በላይ። የማርያም ማኅበራችን ሙሴ እሳቸው ነበሩ። ሙሴ ማለት እንግዲህ የማኅበሩ አለቃ ነው፣ ጽዋው ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ማርያም በሃያ አንድ ብትሆንም አሜሪካ ቅዳሜ ነው የምትውለው፣ ሥራ አለ፣ እሷም ታውቃለች።

እና እትዬ ብዙነሽ እንግሊዝኛ አይችሉም። ዶክተር ጋ ሲሄዱ እኔን ነው ይዘው የሚሄዱት፣ ስልክ ሲደወል ለኔ ነው የሚያቀብሉኝ። ግን ሚልክን ያውቃሉ። በተርን ያውቃሉ። ኤግን ያውቃሉ። ዌይ የምትባል አለች፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ናት፣ እኔ ራሴ የማላውቃትን እሷን ያውቃሉ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ከላም አያልፍም ነበር። በዚያች በላሟ እንግሊዝኛ ግን መንደሩን ሁሉ ገዙት። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታ ሳይጨርሱ ፍሪጁን ይከፍታሉ፣ ያነባሉ፣ ይዘጋሉ፣ ከዚያ ነው እንደምን ከረማችሁ የሚሉት።

ታዲያ ያን ሰሞን የኔ ሰውዬ፣ ተሾመ፣ ልቡን ኦፕሬሽን አደረጉት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እመቤቴ፣ ይሄን ሰው አንዴ አስነሽልኝ እንጂ ጽዋሽን ቤቴ አስገብቼ ማኅበርሽን አበላልሻለሁ አልኩ። ተሳልኩ። ተነሣ። አሁንም አለ፣ ያው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይሰማናል፣ የተኛ ይመስላል እንጂ አልተኛም።

እና ተራዬ እስኪደርስ ስጠብቅ፣ ጾመ ነቢያት ላይ፣ ማኅበሩ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ አንዲት እኅታችን ቤት ሆነና ዳቦ አንቺ አምጪ ተባልኩ። እኔ የሽማግሌዎች መጦሪያ ኪችን ነበር የምሠራው፣ ያን ቀን ደብል ሺፍት ሠርቼ እግሬ አብጧል፣ መቼ ልጋግር? መንገዴ ላይ ከሱቅ ገዛሁና ቆራርጬ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ አቀረብኩ። ተመረቀ፣ ይበላ ጀመር። እትዬ ብዙነሽ ግን ዳቦው ለሰለሰባቸው። ዝም ብለው ተነሡ፣ ኪችን ገቡ፣ የቆሻሻውን ባልዲ ከፈቱ፣ ላስቲኩን አወጡት። እዚያው ቆመው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። ከዚያ ላስቲኩን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው መጡ።

«ይሄን ዳቦ ያመጣው ማነው?» አሉ።

እኔ ነኝ እትዬ አልኩ። ዌይ አለበት አሉ። ሰው ሁሉ የጎረሰውን ይዞ ቀረ፣ መምህር እንደመጣበት ማስቲካ አኛኪ ተማሪ። አንዱ በናፕኪን ተፋ፣ አንዷ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ባላውቅ ነው እትዬ፣ ይቅርታ አልኩ፣ ማን ሰማኝ።

«ጾም መለየት እስክትማሪ ድረስ ጽዋ አንቺ ቤት አይገባም» አሉኝ፣ በሰው መሀል።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለዳቦው አይደለም፣ ዳቦ ድራሹ ይጥፋ። የስለቴ ነገር ነው። አስቢው እስቲ፣ ለእመቤቴ ቃል ገብተሽ፣ እሷ ቃሏን ጠብቃ፣ አንቺ ልትፈጽሚ ስትይ እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ቆመው ቢከለክሉሽ በየት ታልፊያለሽ? ተሾመ ትንሽ ባሳለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ይኸው ስለቷን ልትጠይቀኝ መጣች እላለሁ። እሱ ደግሞ ሲለው አውቆ ያስላል፣ እኔን ለማስደንገጥ። አታስቂው፣ አውቆ ነው።

እሺ። አሁን ላታ ትመጣለች። ላታ ማለት ከእትዬ ብዙነሽ በር ፊት ለፊት የምትኖር ህንድ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ካሊፎርኒያ ያሉ፣ ብቻዋን። ከእትዬ ጋር ነፍስ ናቸው። ቋንቋ የላቸውም እኮ። እሷ በእንግሊዝኛም በአገሯም ቋንቋ ታወራለች፣ እትዬ በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ደግሞ ይሳሳቃሉ፣ ምን እንደሚያስቃቸው እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት እትዬ ሥጋ ሊያበሏት አቅርበው እምቢ አለቻቸው፣ ምን ሆነሽ ነው በይልኝ አሉ፣ ጠየቅኳት። ሥጋ አልበላም አለች። ዓሣም አልበላም፣ እንቁላልም አልበላም፣ ከተወለድኩ ጀምሮ በልቼ አላውቅም አለች። ተረጎምኩላቸው።

«ዓመቱን ሙሉ?» አሉ እትዬ።

ዓመቱን ሙሉ አልኩ። ፋሲካስ አሉኝ። ፋሲካ የላቸውም እትዬ አልኩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኛ ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ስንነታረክ፣ ይህች ሴትዮ እኮ መጠመቅ ብቻ ነው የቀራት አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላታ በእትዬ ብዙነሽ ዘንድ መነኩሴ ሆነች። ከላታ ቤት የወጣ ነገር አይገለበጥም፣ አይነበብም። ምኑ ይነበባል? የላታ ሳህን ጀርባው ላይ ጽሑፍ የለው።

ታዲያ ህንዶቹ መጋቢት አካባቢ ሆሊ የሚሉት በዓል አላቸው፣ ቀለም ይቀባባሉ፣ የጸደይ በዓል ነው ይላሉ፣ እዚህ በረዶው ገና ጉልበት ድረስ ነው እነሱ ግን ጸደይ ነው ይላሉ። በዓላቸው ዞሮ ዞሮ ሁዳዴያችን መሀል ይገባል። እና ለበዓሉ ጣፋጭ ይሠራሉ። አንዱ ጉጂያ ይባላል፣ ቁርጥ የኛን ሳምቡሳ ነው፣ ውስጡ ግን ምስር አይደለም፣ ጣፋጭ ነው፣ ስትገምጪው የሚፈርስ ነጭ ነገር። ሌላው ባርፊ ነው፣ እንደ ሳሙና ተቆራርጦ የሚመጣ፣ ምላስ ላይ የሚሟሟ። ላታ እነዚህን በትሪ ሙሉ ትሠራና ለእትዬ ትሰጣለች፣ እትዬም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንድ፣ ማታ አንድ፣ በመሀል አንድ እያሉ ይይዙታል። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ሁላችን እንከሳለን፣ ጉንጫችን ይገባል፣ እትዬ ብዙነሽ ፊታቸው ይወዛል። ጾም ሲወደድ እንዲህ ነው፣ ጸጋ ነው ይላሉ። እኛም ጸጋ ነው ብለን እናምናለን። እኔ ኤለቨተር ውስጥ ላታን በግራም በቀኝም የወተት ጋሎን ተሸክማ ሳገኛት ሴትዮዋ ድመት ይኖራታል ብዬ አልፋለሁ።

እና ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። የኔ ተራ ነበረች፣ ልብ በሉልኝ፣ የኔ ተራ ነበረች፣ እትዬ ግን ዘለውኝ ራሳቸው ቤት አደረጉት። እኔን ዕቃ እንዳጥብ ጠሩኝ። ተሾመ አትሂጂ፣ ምን ብለሽ ነው የምትሄጂው አለኝ። ለማርያም ነው የምሄደው፣ ለብዙነሽ አይደለም ብዬ ሄድኩ። የንስሐ አባታችን መጡ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሽሮው ምስሩ ተበላ፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ኪችን በር ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ተንኳኳ። ላታ ናት። ጉንጯ ላይ ሮዝ ቀለም ተቀብታለች፣ እጇ ላይ ይህን የሚያህል ትሪ።

እትዬ ብዙነሽ ደስታቸውን አልቻሉትም። እጇን ይዘው መሀል ቤት አቆሟትና፣ አባ፣ ያልኩዎት ጾመኛ ይህች ናት አሉ። ከዚያ ወደ ሰው ዞሩ። ዓመቱን ሙሉ ትጾማለች፣ ያውም ሳትጠመቅ፣ ተማሩ ከሷ፣ እዚህ ክርስቲያን ነኝ እያለ የፈረንጅ ዳቦ የሚያመጣም አለ አሉ። ስሜን አልጠሩም። ሰው ግን ሁሉ ወደ ኪችኑ በር ዞሮ አየኝ።

ላታ ደግሞ ምን አደረገች መሰላችሁ፣ ትሪውን አስቀምጣ አትሄድም፣ በነሱ ባህል ለበዓል ጣፋጭ በእጅ ነው የሚጎረሰው። አንድ ጉጂያ አነሣችና ቀጥ ብላ አባታችን ጋ ሄዳ ወደ አፋቸው አስጠጋች። አባ ምን ያድርጉ? ጉርሻ እምቢ አይባልም። ከፈቱ፣ ጎረሱ። እትዬ ብዙነሽ ከጎን ሆነው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል አባ፣ ይድገሙ አሉ፣ ሁለተኛ ገባ። ከዚያ ላታ ሁሉንም እየዞረች አጎረሰች፣ የሚሰማው ማላመጥ ብቻ ነው። ገብሬ የሚባል ታክሲ ነጂ ነበር ማኅበርተኛችን፣ አንዱን ጎርሶ ሌላውን በእጁ ይዞ ሦስተኛውን በዓይኑ ይመርጣል።

አባታችን ጉንጫቸው እንደሞላ፣ አቤት አቤት፣ ይህ ነገር ከምንድን ነው የሚሠራው፣ አስካለ እስቲ ጠይቂልን፣ የኛም ሴቶች ይማሩት አሉ። እኔ ምን ክፋት አለብኝ፣ ጠየቅኳት። ላታ ደስ አላት። ሞያዋን የጠየቃት የለም፣ ሁልጊዜ ብቻ ነው የሚበሉላት። በእጇ ታማስል ጀመር፣ እንዲህ፣ እንዲህ፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ነው፣ እስኪደርቅ አይለቀቅም እያለች፣ ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በኩራት፣

«ኦንሊ ሚልክ» አለች። «ፑር ሚልክ። ዜን ፍራይ ኢን በተር።»

የእትዬ ብዙነሽ እጅ ከነጉጂያው አፋቸው አጠገብ ቆመ። ሚልክን ያውቋታል አላልኳችሁም? በተርንም ያውቋታል።

አባ አልሰሙም፣ ማለት ሰምተዋል አልገባቸውም፣ ምን አለች አስካለ አሉ፣ እያላመጡ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እትዬም አዩኝ። ልዋሻችሁ? ደስ አለኝ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጸጉሬ ደስ አለኝ። ያን ላስቲክ አስታወስኩ፣ ያን ቆሻሻ ባልዲ አስታወስኩ። ምላሴ ላይ ነበረች ቃሏ። ግን እኔ ራሴ ብናገራት ነገሯ የኔ ትሆናለች፣ ቂመኛ እባላለሁ። ታዲያ እጄን በሽርጤ ጠረግሁና፣

«አባታችን፣ የኔ እንግሊዝኛ ትንሽ ነው» አልኩ። «ይህችን ቃል እትዬ ብዙነሽ ከኔ ይልቅ ያውቋታል። እሳቸው ይንገሩን።»

እሳቸው መዋሸት ይችሉ ነበር እኮ። ኮኮናት ነው ቢሉ ማን ይመረምራል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ እኔን ደግሞ ማን ያምነኛል፣ የዌይ ዳቦ ያመጣሁ ሰው። ይዋሻሉ ብዬ ነበር። ጉጂያዋን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሷት።

«ወተት ነው አባ» አሉ። «ወተትና ቅቤ ነው።»

አባታችን ማላመጥ አቆሙ። እንዳይተፉ ላታ ፊታቸው ቆማ ፈገግ ብላ ታያቸዋለች፣ እንዳይውጡ ሁዳዴ ነው፣ ያውም እሳቸው ናቸው ቄሱ። ሰው ናፕኪን ፍለጋ ተራኮተ። አባ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፣ ማንም እንዳይተፋ፣ ሴትዮዋ በዓሏን ነው ያጎረሰችን፣ እንግዳ ፊት አይተፋም፣ ዋጡ አሉ። ዋጡም። እኔ በሕይወቴ በዚያ ሁሉ ትሕትና ሲዋጥ አይቼ አላውቅም። ገብሬ፣ ከተፈቀደማ ብሎ ሌላ ሊያነሣ እጁን ሲሰድ በመስቀሉ እጁን መቱት።

ከዚያ አባ ወደ እትዬ ዞሩና፣ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ይህን መብላት ከጀመሩ ቆዩ እንዴ አሏቸው። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው፣ እሷ እዚህ ከገባች ጀምሮ አባ፣ ሁዳዴ በሁዳዴ አሉ። አባ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። የሚያዝኑ መስሎን ነበር፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው የገባን። ሲስቁ ቤቱ ሁሉ ተለቀቀ፣ ሴቱም ወንዱም። ስግደት አለብን፣ ሁላችንም አለብን፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው አይሰገድም ከሰኞ ጀምሮ አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ጽዋው የሚቀጥለው ወደ ማን ነው ብለው ጠየቁ።

እኔ አሁን ሌላ ሰው ይጠራሉ ብዬ ፈራሁ፣ ይህችም ካለፈችኝ መቼም አላገኛት ብዬ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝና፣ ወደ አስካለ ነው፣ ስለት አለባት አሉ። ማን ነገራቸው? ተሾመ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ። ደግሞ ጨመሩ፣ ዳቦውን እኔ ጋግሬ አመጣለሁ፣ እሷ ሥራ አለባት አሉ። እኔ ኪችን ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ የዕቃው ጩኸት እንዲሸፍነኝ ሳህን እያንቋቋሁ።

ላታ ተከትላኝ መጣች። ምን አጠፋሁ፣ ለምን መብላት አቆሙ አለችኝ። ነገርኳት፣ እስከ ፋሲካ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም አልኳት። ደነገጠች። ሥጋ ቢቀር ይሁን፣ ወተት እንኳ፣ ታዲያ በምን ትኖራላችሁ አለችና ወደ ሳሎን አንገቷን አውጥታ እትዬ ብዙነሽን እንደ ጻድቅ አየቻቸው። እሳቸው እሷን መነኩሴ ሲሉ ኖረው፣ አሁን እሷ እሳቸውን። ፋሲካችሁ ሲደርስ አዲስ እሠራላችኋለሁ ብላ ትሪዋን ይዛ ወጣች፣ ገብሬ ትሪውን በዓይኑ እስከ በር ሸኘው።

ጽዋው ቤቴ ገባ። እትዬ ያሉትን ዳቦ ጋግረው ተሸክመው መጡ፣ ስለቴን ፈጸምኩ፣ ተሾመም ሳሉን ተወ፣ ይገርማችኋል። እና ፋሲካ ደረሰ። ላታ ቃሏን ጠበቀች፣ ሁለት ትሪ ይዛ እትዬ ቤት መጣች፣ ሁላችንም አለን፣ ዶሮው ተበልቶ እጅ ታጥበናል። የመጀመሪያዋን ጉጂያ ለእትዬ ብዙነሽ አጎረሰቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ። ዋጡ። ላታ ሁለተኛዋን ደግሞ ለኔ አጎረሰችኝ፣ እኔም ጉንጬ እንደሞላ፣ እንዴት ነው እትዬ፣ ዛሬስ በፈቃድ ነው አልኳቸው።

ግራ ቀኙን አዩ፣ አባ ሩቅ መሆናቸውን አረጋገጡ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እውነቱን ልንገርሽ አስካለ» አሉኝ፣ «በጾሙ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር።»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔማ ትን ብሎኝ ጀርባዬን በቡጢ ነው የመለሱኝ።